በኤክ ጋራዥ ውስጥ የተበየደው ጠመንጃ

በሜይ ወር የመጀመሪያ ቅዳሜ፣ የዳክዬ አደን በሚከፈትበት ማለዳ፣ ላክላን ጌዲስ በገዛ ኩሬው ዳር፣ በማድፈጫ ጎጆው ውስጥ ደረቱን ተመትቶ ሞተ። በዚያ ቀን በደንሞር ከተማ ጠመንጃ ያልያዘ ወንድ ቢኖር ቄሱ ብቻ ነው፤ እሱንም ጉንፋን ይዞት ነው። ስለዚህ ተጠርጣሪ ፈልጉ ብትሉኝ የስልክ ማውጫውን ነበር የማነሳላችሁ።

እኔ ኔቪል ፓስክ እባላለሁ። የደንሞር ብቸኛ ፖሊስ ነኝ። ስልኬ የጮኸው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከአሥራ አንድ ደቂቃ ላይ ነው። አደኑ ልክ አንድ ሰዓት ላይ ተከፍቶ ስለነበር ሸለቆው በተኩስ ይናወጣል፤ እኔም ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ሌላ ኩሬ ላይ አድፍጬ ነበር። የደወለው የላክላን ታናሽ ወንድም ብራይስ ነው።

«ኔቭ፣ ቶሎ ድረስ! ላክላን ተመታ። የአባባ ጠመንጃ... በራሱ ተኮሰ!»

ስደርስ ላክላን በሳንቃው ወለል ላይ በጀርባው ተዘርሯል። ውሻው እግሩ ስር ተኝቷል። ፔርሙዙ ተደፍቶ ሻዩ ከደሙ ጋር ተቀላቅሏል። ብራይስ ውጭ ጭቃው ላይ ተቀምጦ ያለቅሳል።

«ምን ሆናችሁ?» አልኩት።

«አደኑ ከተከፈተ አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። የአባባን ጠመንጃ ‹እስቲ ሞክረው› ብሎ ሰጠኝ። አቀባብዬ ስዞር ሰደፉ ሳንቃውን ገጨ። ከዚያ በቃ... ምላጩን አልነካሁም፣ ኔቭ። በእናቴ አጥንት አልነካሁም!»

«እሺ፣ ተረጋጋ።»

«ኤክ ነው!» አለና ፊቱን በእጅጌው ጠረገ። «ውስጡን ጋራዡ ውስጥ በየደው። ላክላንን ‹የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ነው፣ ጠመንጃውን ከተማ ውሰደው› ብዬው ነበር። ብነግረው አልሰማ አለኝ።»

ስለ ኤክ ማንም አልጠየቀውም ነበር። ያኔ ግን አላስተዋልኩትም። ያስተዋለችው ሌላ ሰው ናት።

*

ኢንስፔክተር ፓኒያ ሩሩ ከኢንቨርካርጊል የደረሰችው ለምሳ ሰዓት ጥቂት ሲቀረው ነው። አጭር፣ ደልደል ያለች፣ ቦቲ ጫማዋን መኪናዋ ውስጥ ይዛ የምትዞር ሴት ናት። እጄን ጨበጠችና፦

«ሟቹን ታውቀው ነበር?» አለችኝ።

«አብረን ራግቢ ተጫውተናል። እርስዎ ከፈለጉ...»

«አንቱታውን ተወው፣ ፓኒያ በለኝ። ሌላውንስ? ወንድምየውን?»

«እሱንም አውቀዋለሁ።»

«ሽማግሌውንስ?»

«ኤክን የማያውቅ የለም።»

«ክፉ ነገር ነው» አለች ጫማዋን እየቀየረች። «ሁሉንም የሚያውቅ ፖሊስ ማንንም አይጠረጥርም።»

ጎጆው ውስጥ ሩብ ሰዓት ቆየች። ጠመንጃው ያረጀ ባለ ሁለት አፈሙዝ ነው፤ መዶሻዎቹ በውጭ በኩል የቆሙ፣ አያቶቻችን ይይዙት የነበረ ዓይነት። ሳትነካው ጎንበስ ብላ አየችው። አንዱ መዶሻ፣ አውራ ጣት የሚያርፍበት ጫፉ ላይ የብየዳ ጠባሳ አለው፤ በደንብ ከመሞረዱ የተነሳ በዓይን ከማየት በጣት መዳሰስ ይሻላል።

«የጎበዝ እጅ ነው» አለች።

«የጎበዝ እጅ ነበር» አልኳት። «ኤክ አርጅቷል።»

ቀና ብላ አየችኝ።

*

ኤክ ሙርሄድ የባቡር ድርጅት ጥገና ክፍል ውስጥ አርባ ዓመት የሠራ ሰው ነው። ጡረታ ከወጣ ጀምሮ ከቤቱ ጀርባ ባለው ጋራዥ የሰፈሩን ነገር ሁሉ ይጠግናል። ሌላው የማይነካውን፣ ጥፍር የምታክል የጠመንጃ ብልት፣ በፒንሳ ይዞ በነበልባል ያግላል፣ ያጎብጣል፣ ይበይዳል፣ ከዚያ መልሶ ያጠነክራል። ለዚህ ሥራ ፈቃድ የለውም። ለሃያ ዓመት ያልሰማን መስለን ኖረናል።

ስንደርስ ጋራዡ ውስጥ ሞርሳው አጠገብ፣ ኮቱን ለብሶ፣ ቆቡን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል።

«ስጠብቃችሁ ነበር» አለ። «ላክላንን የገደልኩት እኔ ነኝ።»

«ማን ነገረዎት?» አለች ፓኒያ።

«ብራይስ ደወለልኝ። ጠዋት። ‹ኤክ፣ ሥራህ ወንድሜን ገደለው› አለኝና ዘጋው።»

ፓኒያ በርጩማ ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፦

«ምን ሠሩለት? እንደማያውቅ ሰው ያስረዱኝ።»

«ሁለት ነገር። የመዶሻው ጫፍ ተሰብሮ ነበር፤ በየድኩት። ውስጥ ደግሞ የተቀባበለውን መዶሻ ይዛ የምታቆይ ጥርስ አለች፤ ተበልታ ነበር። ሞልቼ፣ ሞርጄ፣ አጠነከርኳት። ያቺ ጥርስ ለስላሳ ከሆነች አለቀ፤ ጠመንጃው ሲንገጫገጭ ታመልጣለች።»

«ለስላሳ ትተዋት ነበር?»

ኤክ እጆቹን አያቸው። ይንቀጠቀጣሉ።

«ሞክሬያታለሁ። የሞከርኳት ይመስለኛል። ጠንካራ ከሆነች ሞረድ አይነካትም፣ ይንሸራተታል። ግን የኔ ልጅ፣ ሰማንያ አንድ ዓመቴ ነው። ትናንት ወተቱን ቁም ሳጥን፣ ስኳሩን ፍሪጅ አስገብቼ አገኘሁት። አስታውሳለሁ ብዬ እንዴት ልማልልሽ?»

መኪና ውስጥ ገብተን ትንሽ ሄድን።

«የምነግርሽ ነገር አለ። የእኔንም ጠመንጃ እሱ ነው የጠገነው። ዛሬ ጠዋት ይዤው ነበር።»

«ፖሊሱ?»

«ፖሊሱ።»

«በራሱ ተኮሰ?»

«አልተኮሰም። ከጠገነው አሥራ አንድ ዓመቱ ነው።»

«እንግዲያው ከሁላችንም በፊት ምስክር የሆነው ጠመንጃህ ነው» አለች። አልሳቀችም።

*

ሰኞ ከሰዓት የመሣሪያ ባለሙያው ከዌሊንግተን ደወለ። ድምፁን ለሁለታችንም ከፈተችው።

«ጥርሷ እንደ ተራ ሚስማር ለስላሳ ናት፣ ሞረድ ይበላታል» አለ። «ጠመንጃውን አቀባብዬ ሰደፉን ገጨሁት፤ ወዲያው አመለጠች። ሰውየው ያላችሁት ሊሆን የሚችል ነገር ነው።»

«ሊሆን የሚችል» አለች ፓኒያ።

«አዎ። ፎቶዎቹን ከሪፖርቱ ጋር እልካለሁ።»

ለእኔ ጉዳዩ እዚያ ላይ አለቀ። ለከተማውም እንዲሁ። ማክሰኞ ዕለት ኤክ ዳቦ ሊገዛ ሱቅ ሲገባ ሰልፉ ላይ የነበሩት ሁሉ ዝም አሉ። አንዷ ሴትዮ «ደፍሮ ይወጣል ደግሞ!» ስትል እኔም ቆሜ እሰማለሁ። ዳቦውን ሳይገዛ ወጣ። አፌን ከፍቼ አንዲት ቃል አልተናገርኩለትም። ዛሬም ድረስ ያንን ሳስብ ያመኛል።

ማታውን ጣቢያ ስንገናኝ ፓኒያ የብራይስን ቃል ለአሥረኛ ጊዜ ታነባለች።

«ይሄ ሰውዬ ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ነው» አለች።

«እንዴት?»

«ወንድሙ እግሩ ስር ሞቶ፣ አንተ ‹ምን ሆናችሁ› ስትለው የሚበይድ ሽማግሌ ስም ይጠራል። ከዚያ ሽማግሌው ጋ ይደውላል። ሬሳው ሳይነሳ! እኔ ወንድሜን በስህተት ብገድል ጠመንጃውን ማን እንደጠገነው ለማስታወስ ሳምንት ይፈጅብኛል።»

«ድንጋጤ ሰውን ብዙ ያስወራል።»

«ያስወራል። ግን በቅደም ተከተል አያስወራም።» ወረቀቱን አስቀመጠችው። «ላክላንን የሚጠላ ማን አለ?»

ይሄን ለመመለስ ማሰብ አላስፈለገኝም።

*

መሪ ታሎክ የላክላን የአጥር ጎረቤት ነው። ስለ ውሻ፣ ስለ አጥር፣ ስለ ቦይ ሃያ ዓመት ተጨቃጭቀዋል። ባለፈው ክረምት መሪ በመጠጥ ቤቱ ውስጥ ሰው ሁሉ እየሰማ «አንድ ቀን አንተን እዚያው ኩሬህ ውስጥ ነው የምደፋህ» ብሎታል። ቅዳሜ ጠዋት የት እንደነበር ስጠይቀው «በራሴ ማድፈጫ፣ ሌላ የት እሆናለሁ?» ብሎኝ ነበር።

ፓኒያ ማድፈጫውን ልታይ ሄደች። እኔም ተከተልኳት። በሩ ላይ የሸረሪት ድር አለ። ወለሉ ላይ አንድም ባዶ ቀለህ የለም። ወንበሩ ሻግቷል።

«እዚህ ሰው ከገባ ሁለት ዓመት አልፎታል» አለች።

መሪን ቤቱ በረንዳ ላይ አገኘነው። ስልሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ብቻውን ይኖራል።

«መሪ፣ ቅዳሜ ማድፈጫህ ውስጥ አልነበርክም» አልኩት።

«ማን አለ?»

«ሸረሪቷ» አለች ፓኒያ።

ፊቱ ቀላ። ወደ እኔ ዞሮ፦

«ኔቭ፣ ይቺ ሴትዮ ባትኖር ጥሩ ነበር።»

«አለች እኮ። ተናገር።»

«መኪናዬ ውስጥ ነበርኩ። መንገዱ ዳር፣ ከጌዲሶች ኩሬ በላይ።»

«ጠመንጃ ይዘህ?»

«ዳቦ ይዤ።»

«ምን?»

«ዳቦ ይዤ ነበር አልኩህ!» አለ ጮክ ብሎ። «ኢሶቤል ከሞተች በኋላ መግደል አልቻልኩም። እጄ አልታዘዝ አለኝ። ስለዚህ አደኑ ሲከፈት እዚያ ቆሜ ከኩሬው ሸሽተው ወደ ቦዩ የሚመጡትን ዳክዬዎች ዳቦ አበላቸዋለሁ። ይሄን መጠጥ ቤቱ ውስጥ ብታወራ ኔቭ፣ እውነትም ሰው እገድላለሁ!»

ፓኒያ ከንፈሯን ነከሰች። ከዚያ በረንዳው ደረጃ ላይ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ከዚያ ሆነህ ምን ሰማህ?»

«የሰማሁትማ አለ። ከጊዜው በፊት የተኮሰ ወስላታ ነበር። ሬዲዮ ከፍቼ ነበር፤ የአየር ጠባይ ዘገባ ሲጀምር ነው፣ አንድ ሰዓት ሊሆን ስድስት ደቂቃ ሲቀረው። አንዲት ጥይት። ‹እንዴት ያለ ዓይነ ደረቅ ነው› አልኩ።»

ያቺን ጥይት እኔም ሰምቻታለሁ። ከጓደኞቼ ጋር ተሳስቀንባታል። ከየት እንደመጣች ግን አላወቅንም ነበር።

«ከየት ነው የተተኮሰችው?» አለች ፓኒያ።

«ከጌዲሶች ኩሬ ነዋ። ከእግሬ ስር ነው እኮ! ዳክዬዎቹ በሙሉ ከዚያ ነው የተነሱት።»

«ከዚያ በኋላስ ከዚያ ኩሬ ስንት ተተኮሰ?»

መሪ አሰበ። አገጩን አከከ።

«አንድም። ሌላው ቦታ ሁሉ ሲያጓራ እነሱ ዝም አሉ። ገርሞኝ ነበር።»

ፓኒያ ቀና ብላ አየችኝ። ብራይስ «አደኑ ከተከፈተ ከአሥር ደቂቃ በኋላ» ነው ያለኝ። የደወለው አንድ ሰዓት ከአሥራ አንድ ላይ ነው። ጥይቷ ግን ከአንድ ሰዓት በፊት ነው የተተኮሰችው። መሃል ላይ አሥራ ሰባት ደቂቃ አለ።

*

የላክላን ሚስት ሬዊን በር ስትከፍት ወጥ ቤቷ ጎረቤት ባመጣው ኬክና የስጋ ፓይ ተሞልቷል። አንዱንም አልነካችም።

«ብሉልኝ እባካችሁ» አለች። «ለውሻ እንኳ ሰጥቼ አላለቀልኝም።»

በላን። ፓኒያ ሁለት ቁራጭ ኬክ ከበላች በኋላ ነው ጥያቄ የጀመረችው።

«ሬዊን፣ ላክላን በዚህ ሳምንት ሊያደርገው ያሰበው ነገር ነበር?»

«ሰኞ ሊፈርም ነበር። ረግረጉን በሙሉ። ማንም እንዳያደርቀው፣ እንዳያርሰው፣ ከእኛም በኋላ የሚመጣ ሰው እንዳይነካው የሚያደርግ ውል ነው። አምስት ዓመት ሲያስብበት ኖሯል።»

«ብራይስ ያውቃል?»

«ከፋሲካ ጀምሮ ያውቃል። ደስ አላለውም። እሱ ውሃውን አጥፍቶ የወተት ላም ማሰማራት ነው የሚፈልገው። አባታቸው ደግሞ በኑዛዜው ‹አንዱ ቢሞት መሬቱ ለሌላው› ብሎ ነው ያለፈው። ቤቱ የእኔ ነው፣ መሬቱ ግን...» ቃሉን ሳትጨርስ እጇ አፏ ላይ ሄደ። «ምን እያላችሁኝ ነው?»

«ገና ምንም አላልንም» አለች ፓኒያ። «አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ጠመንጃውን ከኤክ ቤት ማን አመጣው?»

«ብራይስ ነዋ። ለኤክ የወሰደለትም እሱ ነው። የፋሲካ ሰሞን አምጥቶ ቤቱ አስቀመጠው። እዚህ አላመጣውም፤ ቅዳሜ ኩሬው ላይ ይዞት እንደሚመጣ ለላክላን ነግሮት ነበር። ‹ለአባባ መታሰቢያ በዚህ እንተኩሳለን› ብሎት።»

ብራይስ ግን በፊርማው ባጸደቀው ቃሉ ላክላን ራሱ ከኤክ ተቀብሎ ቤቱ እንዳስቀመጠው ነው የተናገረው።

*

«አሁንስ እንያዘው?» አልኳት መኪና ውስጥ።

«በምን? በሰዓትና በውሸት? ጠበቃው ‹ደንግጦ ጊዜው ጠፋበት› ይላል። ጥርሷ ለስላሳ እስከሆነች ድረስ ታሪኩ ይቆማል፤ ያለሰለሳት ደግሞ ኤክ ነው ይባላል። ኤክም አዎ ይላል።» ቀበቶዋን አሰረች። «ወደ ኤክ ንዳ።»

ኤክ በር የከፈተልን ልብሱን ሳይቀይር ነው። ጢሙ አድጓል።

«ልትወስዱኝ ነው?» አለ።

«አይደለም። ሥራዎን ለማየት ነው የመጣሁት» አለች። የኔን ጠመንጃ ከመኪና አስወጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት። «ይሄንን ይፍቱልኝ። አሥራ አንድ ዓመት የቆየች ጥርስ አለችው፣ የእርስዎ ሥራ።»

«እጄን አላመንኩትም።»

«እኔ አምኜዋለሁ።»

ኤክ ወደ ጠረጴዛው ተጠጋ። ከዚያ መነጽሩን አጠለቀና ራሱ ሞርዶ የሳላትን ቀጭን ካቻቢቴ አነሳ። የሚገርማችሁ፣ ጣቱ ብረት ሲነካ መንቀጥቀጡ ቀጥ አለ። ጥርሷን አውጥቶ ሞረድ አሳረፈባት፤ ሞረዱ በረዶ ላይ እንደሚሄድ ተንሸራተተ፣ አልጫረም። መልሶ ገጠማት። ብሎኖቹን ሲያጠብቅ ደግሞ እያንዳንዱን መጨረሻ ላይ ቆም እያደረገ፣ በጥፍሩ እየዳሰሰ፣ ጥቂት እየመለሰ ነው።

«እሱ ምንድን ነው?» አለች ፓኒያ።

«የቱ?»

«አሁን የሚያደርጉት።»

እንደ ሞኝ ጥያቄ አያት። «ብሎን ራስ ላይ ያለው ስንጥቅ ከአፈሙዙ ጋር ትይዩ መሆን አለበት። ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ። አለቃዬ ‹ብሎኑን አጣሞ የሚሄድ ሰው የሱሪውን ዚፕ ሳይዘጋ ቤተ ክርስቲያን እንደሚገባ ሰው ነው› ይል ነበር።»

«ሁልጊዜ ያደርጉታል?»

«ለማድረግ አላስብም እኮ። እጄ ነው የሚያደርገው።»

ፓኒያ ቅዳሜ ዕለት ጎጆው ውስጥ ያነሳችውን ፎቶ ከስልኳ አውጥታ አሳየችው። ኤክ ስልኩን ተቀብሎ ወደ አምፖሉ አስጠጋው። ፊቱ ቀስ በቀስ ተለወጠ።

«ይሄ የዋቲ፣ የአባታቸው ጠመንጃ ነው። ብሎኖቹ ግን... አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ጎን። ይሄኛው ራሱ ተላልጧል፣ በወፍራም ካቻቢቴ። ይሄ የእኔ አይደለም። እንዲህ አድርጌ ከዚህ በር አላወጣውም።»

«ከእርስዎ በኋላ የከፈተው ሰው አለ ማለት ነው?»

ኤክ ስልኩን መለሰላት። በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ሲፈራ ያየሁት ያኔ ነው፤ ራሱን ሲከስ እንኳ አልፈራም ነበር።

*

የባለሙያው ፎቶዎች ሐሙስ ጠዋት ደረሱ። ፓኒያ የእኔ ጠረጴዛ ላይ ሁለቱን ጎን ለጎን ከፍታ ቡናዋ እስኪቀዘቅዝ አየቻቸው። ሁለቱም የዚያች ጥርስ ናቸው፣ በማጉያ የተነሱ። ወዲያው ስልክ አነሳች።

«አንደኛው ፎቶ ከሙከራው በፊት ነው?»

«አዎ» አለ ባለሙያው። «ምንም ከመንካቴ በፊት ሁሉንም አነሳለሁ።»

«ሁለተኛውስ?»

«አንዴ ሰደፉን ገጭቼ ካመለጠች በኋላ።»

«አንዴ ብቻ?»

«አንዴ ብቻ።»

አመስግና ዘጋችው። ኮቷን ለበሰች።

«ብራይስን አስመጣልኝ፣ ኔቭ።»

ብራይስ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ መጣ። ለወንድሙ ቀብር የገዛው ሳይሆን አይቀርም። ፓኒያ ሻይ ቀዳችለት።

«ጥቂት ነገር ብቻ ነው» አለች። «አደኑ ከተከፈተ በኋላ ነው የተኮሰው አልክ።»

«አዎ።»

«ከኩሬያችሁ የወጣችው ጥይት ግን ስድስት ደቂቃ ቀድማለች። የሰማ ሰው አለ።»

«ማን?»

«መኪና ውስጥ የነበረ ሰው። ከዚያ በኋላ ሌላ አልተተኮሰም።»

«ታዲያ ጊዜው ተምታታብኝ። ወንድሜ እየሞተ ሰዓት አያለሁ?»

«እሺ። ጠመንጃውን ከኤክ ያመጣው ላክላን ነው አልክ።»

«እኔ ነኝ መሰለኝ። ምን ለውጥ አለው?»

«ቤትህ ሦስት ሳምንት ቆየ። በዚያ መሃል የፈታው ሰው አለ። ብሎኖቹን አጣሞ መለሳቸው።»

ሳቅ አለ። «ኤክ ነዋ! ዓይኑ አያይም እኮ! ያቺን ጥርስ እንደ ቅቤ አለስልሶ ነው የሰጠኝ፤ ባለሙያችሁ ራሱ ብሏል አሉ። ከተማው ሁሉ ያወራል።»

«ብሏል። ለስላሳ ናት።» ሁለቱን ፎቶዎች ፊቱ አስቀመጠች። «ይሄኛውን እይ። ባለሙያው አንዴ ገጭቶ ካመለጠች በኋላ ነው። ጫፏ ምን ሆኗል?»

ብራይስ አየ። «ተገሽልጧል።»

«ለስላሳ ብረት በኃይል ሲያመልጥ ይገሸለጣል፤ ምላጩ ተስቦ ሲለቀቅ ግን አይጎዳም። አሁን ይሄንን እይ። ከሙከራው በፊት፣ ከቅዳሜ በኋላ የተነሳ ነው። ጫፏስ?»

ብራይስ ዓይኑን ከፎቶው አነሳ። እኔም ዘንበል ብዬ አየሁ፤ የጥርሷ ጫፍ እንደ አዲስ ቢላ ስል ነው። አንዲት ጭረት የላትም። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ።

«ቅዳሜ አምልጣ ቢሆን ኖሮ የቅዳሜው ቁስል እዚህ ላይ መታየት ነበረበት» አለች ፓኒያ። «አላመለጠችም፣ ብራይስ። ጠመንጃው በራሱ አልተኮሰም። ኤክ አጠንክሮ የሰጠህን ጥርስ እሳት ላይ ይዘህ አለሰለስካት፤ ስንመረምር እንድናገኛት። ከዚያ ምላጩን የሳብከው ራስህ ነህ።»

ብራይስ ሻዩን ገፋው። ሲናገር ድምፁ የሌላ ሰው ሆነ።

«ለዳክዬ ብሎ ነው እኮ። አባባ በአካፋ ያቀናውን መሬት ለዳክዬ! አደኑ እስኪከፈት ጠብቄ፣ ሁሉም ሲተኩስ... እንደዚያ ነበር ያሰብኩት። ከዚያ ሻዩን እየቀዳ ‹ከከርሞ ጀምሮ በዚህ ኩሬ ላይም አንተኩስም፣ ወንድሜ፣ ዝም ይበል› አለኝ። ፈገግ ብሎ።» ግንባሩን በመዳፉ ጨመቀ። «መጠበቅ አቃተኝ።»

«ለአሥራ ሰባት ደቂቃስ ምን ታደርግ ነበር?» አለች ፓኒያ።

መልሱን እኔ አልፈልገውም ነበር።

«ወዲያው አልሞተም» አለ ብራይስ።

*

ከሰዓት በኋላ ፓኒያ ብራይስን ይዛ ወደ ኢንቨርካርጊል ሄደች። ከመሄዷ በፊት በመስኮቱ፦

«ሽማግሌውን አንተ ንገረው» አለችኝ። «ሱቁ ውስጥ ስለቆምክበት ቀን ሰምቻለሁ።»

ኤክን ጋራዡ ውስጥ አገኘሁት። እሳት አልለኮሰም፣ ምንም አልያዘም፤ እንዲሁ ተቀምጧል። በሩ ላይ ቆሜ ሁሉንም ነገርኩት፦ ጥርሷን፣ ፎቶዎቹን፣ ረግረጉን፣ ብራይስን። «ሱቅ ውስጥ ዝም በማለቴም ይቅር ይበሉኝ» አልኩት። የሰማኝ አይመስለኝም።

«ታዲያ ሥራዬ ደህና ነበር» አለ።

«ደህና ነበር፣ ኤክ። እርስዎ ማንንም አልገደሉም።»

ራሱን ነቀነቀ። ደስ ይለዋል ብዬ ጠብቄ ነበር።

«ሁለቱንም መተኮስ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ፣ ታውቃለህ? ዋቲ ጊዜ አልነበረውም። ብራይስ ጠመንጃው ይከብደው ነበር፤ ላክላን ከኋላው ቆሞ ክርኑን ይደግፍለታል።» ትንፋሽ ወሰደ። «ወዲያው ነው የሞተው?»

መዋሸት ነበረብኝ። አልቻልኩም።

«አይደለም» አልኩት።

«ብራይስ አጠገቡ ነበር?»

«ነበር።»

ኤክ መነጽሩን አወለቀ።

«የእኔ ስህተት ቢሆን ይሻል ነበር፣ ኔቭ» አለ። «እኔ አርጅቻለሁ፤ ለቀረኝ ጥቂት ጊዜ ተሸክሜው እሞት ነበር። ላክላንም አደጋ ነው ብሎ፣ የወንድሙን እጅ ይዞ ይሞት ነበር። አሁን ግን እያወቀ ነው የሞተው።»

ከዚያ አለቀሰ። ነፍሰ ገዳይ ነኝ ብሎ በኖረባቸው ስድስት ቀናት አንዲት እንባ አላፈሰሰም ነበር።